ቪትዝን ግቢ ውስጥ መቀባት፦ የአንድ ፓራፋንጎና የአንድ በር ጉዳይ

ታናሽ ወንድሜ አንድ ብርማ ቪትዝ አለችው፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ትንሿ ሞዴል። ጠባብ የግቢ በር ሲገባ የበሩ ብረት ቀኝ ጎኗን ያዛት። የፊት ፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ገባ አለ። የፊት በሩ ላይ ደግሞ ከማጠፊያው ተነስቶ እጀታው ድረስ የሚሄድ ጭረት ወጣ፤ ጭረቱ ቦታ ቦታ ላይ ቀለሙን አልፎ ብረት አሳይቷል።

ጋራዥ አስገብቶ ማስቀባት ይችል ነበር። እሱ ግን ሥራውን መማር ፈለገ። ጭረት እንደሆነ የመጨረሻው አይደለም፣ መኪናዋንም በቅርብ የሚለውጣት አይመስልም። ማንስ ይለውጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ፣ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆነ። ስለዚህ ያለችውን መኪና መያዝና መንከባከብ ግድ ነው። ወንድሜም ያሰበው ይህንኑ ነው።

አስተማሪ ነበረው። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲቀቡ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልኩ፣ ወረቀት ያዥ፣ አምፖል ያዥ፣ ማስታወሻ ጸሐፊ ሆኜ። እዚህ የምጽፈው የዚያን ማስታወሻ ፍሬ ነው። ዋጋ አልጽፍም፣ በየወሩ ስለሚለዋወጥ።

ወንድሜ መጀመሪያ ሊሮጥ የነበረው ወደ ቀለም ሱቅ ነው። ጋሼ አስቆሙት።

«ቁጭ በል። መጀመሪያ አየርህን አሳየኝ።»

ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባንም። ሥራው ሲያልቅ ግን ችግር የሆነብን ነገር ሁሉ፣ ከሞላ ጎደል፣ ከአየር ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት፤ ከቱቦው የሚወጣው አየር፣ ግቢው ውስጥ የሚነፍሰው አየር፣ ከዚያም ሳንባ ውስጥ የሚገባው አየር። ስለ ቀለም ቅብ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የእጅ እንቅስቃሴ ነው። እጅ ይለመዳል። አየሩን ግን ቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው እጁ ቢሰላም የትም አይደርስም።

ኮምፕረሰሩ ከዘመድ የተዋሰው ነው፤ 50 ሊትር ታንክ፣ 2 የፈረስ ጉልበት፣ የቤት መብራት ላይ የሚሰካ። ጎኑ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር ገደማ እንደሚሰጥ ተጽፎበታል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ፒስተኑ የሚስበው እንጂ ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው አይደለም፤ የሚወጣው በአብዛኛው ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ነን። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ያንን ሳሳ ያለ አየር ነው። ጣሊያን ወይም ቻይና የተለካ ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ወንድሜ ሊገዛ ያሰበው ጋን (የቀለም መርጫ) ትልቁ ኤችቪኤልፒ ነበር፣ በዝቅተኛ ግፊት ብዙ አየር የሚወስደው ዓይነት፣ ባለ 1.4 ሚሊ ሜትር ኖዝል (የቀለሙ መውጫ ቀዳዳ)። እንዲህ ዓይነቱ ጋን በደቂቃ 300 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በዚህ ኮምፕረሰር ላይ ቢሰካ መጀመሪያ አሪፍ ይረጫል፣ የበሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቀለሙም ደቅቆ መበተኑ ቀርቶ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ማረፍ ይጀምራል። አንዱ በር ላይ ሁለት ዓይነት መልክ ማለት ነው። ሜታሊክ ላይ ደግሞ ይህ ከሩቅ ይታያል። ጋሼ ያስገዙት ባለ 1.0 ኖዝል ትንሽ ጋን ነው፤ የአየር ፍጆታው ከ100 ሊትር ብዙም የማይርቅ፣ ኩባያው ግን በጣም ትንሽ የሆነ። ለበርና ለፓራፋንጎ ይበቃል። ኮፋኖና ጣሪያ ለሚቀባ ሰው ግን አልመክረውም፣ እርጥቡ ጠርዝ ከመድረቁ በፊት ሌላው ጫፍ አይደረስም። ከቀለሙ በፊት ለሚረጨው ፕራይመር ደግሞ የራሳቸውን አሮጌ ባለ 1.5 ጋን አዋሱት፤ ፕራይመር በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ስለሚፈገፈግ፣ በየመሐሉ ቆም እያሉ ታንኩ እስኪሞላ መጠበቅ ችግር የለውም።

ከዚያ ፈተና ሰጡት። ጋኑ ባዶ ሆኖ ቃታውን እስከ መጨረሻ ሳብ፣ ሬጉሌተሩን (የግፊት ማስተካከያውን) 2 ባር ላይ አድርግ፣ መርፌውን እያየህ ቁም። ግፊቱ የሚለካው ቃታው ተስቦ ነው፣ ተለቆ ሲታይ ያለው ቁጥር ይዋሻል። መርፌው በሩን አንድ ዙር ለመርጨት በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ከ2 ባር ካልወረደ ጋኑና ኮምፕረሰሩ ተስማምተዋል። በትንሹ ጋን አልወረደም።

አንድ ነገር ግን ተገኘ፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይግል ነበር። ምክንያቱ ኤክስቴንሽኑ ነው። ቀጭንና ረጅም ገመድ ስለሆነ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ቮልቱ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ኮምፕረሰሩን ሶኬቱ አጠገብ አስቀምጦ የአየር ቱቦውን ማስረዘም። ቱቦው መርዘሙ ሌላም ጥቅም አለው። ታንክ ውስጥ የታመቀ አየር ሙቅ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወጣል። ቱቦው ረጅም ከሆነ አየሩ ጉዞ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን ጫፉ ላይ የተገጠመችው ማጣሪያ ትይዘዋለች። ማጣሪያውን ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ የሚገጥም ሰው ግን ውሃውን ገና እንፋሎት ሳለ ነው የሚያሳልፈው። እኛ በየቀኑ መጀመሪያ የታንኩን ሆድ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍተን ውሃውን እናፈስ ነበር። በጋ ነው፣ ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ግን ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ውሃ ሁልጊዜ ይወጣል። ከዚያ ጋሼ መስታወት ያመጡና «ንፋበት» ይላሉ። መስታወቱ ላይ አንዲት ነጥብ ከታየች ሥራ የለም።

ይህ ሁሉ አልፎ ነው ወደ ብረቱ የተሄደው።

ፓራፋንጎው በብሎን ስለሚያዝ ተፈታና ባትላሜራ ጋ ተወሰደ፤ ጉድጓዱን ከውስጥ እየደበደበ አስተካከለው። ማድበስበስ እዚህ ጋ ይጀመራል። ብዙ ሰው ጉድጓዱን ስቱኮ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር መሙያ ሊጥ፣ ይሞላበታል። ስቱኮ ግን ስስ ሲሆን ነው ዕድሜ የሚኖረው፤ ብረቱ በመዶሻ እስከቻለ ድረስ ይስተካከል፣ ስቱኮው የሚቀረውን ትንሽ ብቻ ይሙላ። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ገደማ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ነው መጠኑ። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ቶሎ ይጠንክር ብሎ ሃርድነር መጨመር የተለመደ ነገር ነው፣ ግን ትርፉ ሃርድነር ከሳምንታት በኋላ በቀለሙ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ይሻላል።

መፈግፈጉ ረጅሙ ክፍል ነው። ስቱኮው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ይይዛል፣ በ180 ይለሰልሳል፣ ዙሪያው ያለው አሮጌ ቀለም በ320 እየሳሳ ይሄዳል፤ የጠርዙ ደረጃ በጣት ሲዳሰስ እስኪጠፋ ድረስ። ስቱኮ በውሃ አይፈገፈግም፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ውሃ ቀለም ሥር አፍኖ መቅበር ነው የሚሆነው። ወረቀቱ ደግሞ በባዶ እጅ አይያዝም። ጣቶች መሐል ያለው ክፍተት በብረቱ ላይ ቦይ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩም የሚታየው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ አብረቅራቂው ቀለም ላይ ስታርፍ ነው። እንጨት ላይ መጠቅለል አለበት።

ጋሼ የሚፈትሹት በዓይናቸው አይደለም። ቀጭን ጨርቅ መዳፋቸው ሥር ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እጃቸውን ከፓራፋንጎው አፍንጫ ወደ በሩ ቀስ እያሉ ይነዱታል። እጃቸው ቆም ሲል ወንድሜ እርሳስ ይዞ ያከብበታል። ጨርቁ የተደረገው ቆዳው ብረቱ ላይ እንዳይያዝ ነው፤ መዳፉ ሲንሸራተት ዓይን የማያየውን ዝቅታ ይለያል። ወንድሜ መጀመሪያ ምንም አይሰማውም ነበር። ጥቂት ቀን ሲለማመድ ግን እሱም ማክበብ ጀመረ፣ አንድ ጊዜ ጋሼ ያለፉትን ነጥብ አገኘና ጋሼ ደግመው ዳሰሱት፣ «ልክ ነህ» አሉት። እውነት ለመናገር ያን ቀን ከእሱ በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ።

ብረት የታየበት ቦታ ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር ተረጨ። የመረጡት በሁለት ምክንያት ነው፤ ዝገት ይከላከላል፣ ሃርድነሩም በአብዛኛው አሚን የሚባል ኬሚካል ስለሆነ በኋላ የምናገረው አደገኛ ነገር የለበትም። ችግሩ ብርድ አይወድም። ከ15 ዲግሪ በታች መጠንከሩ በጣም ይዘገያል፣ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ በታች ይወርዳል። ፓራፋንጎው ማታ ማታ ዕቃ ቤት ይገባ ነበር። በሩ መኪናዋ ላይ ስለነበር ፀሐይ ላይ ተጨማሪ ቀናት ተሰጠው። ከዚያ ፕራይመሩ ላይ ጥቁር ቀለም ከሩቅ እንደ ጉም ተረጨበትና በ400 ተፈገፈገ። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ሁሉ ዝቅታ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ክርክር የለውም፣ ጥቁር ካለ ሥራ አለ። በመጨረሻ 800 በውሃ፤ ለሜታሊክ ከዚህ በጣም ሸካራ ከሆነ ጭረቱ በብርማው ውስጥ ሊያሳይ ይችላል።

ስለ ማጽዳት አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ መኪና በቤንዚን መጥረግ የተለመደ ነው። ለቀለም ሥራ አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። ማጽጃውን በአንድ ጨርቅ መቀባት፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ማንሳት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየመብራቱ የሚሸጠውን የዳሽቦርድ ማብረቂያ ከግቢው ማራቅ ነው። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። አንዲት ጠብታ ሲሊኮን ያለበት ቦታ ላይ ቀለም አይተኛም፣ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ ያ ከሆነ ደግሞ እንደገና መፈግፈግ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ልምምዱ የተደረገው ከሶማሌ ተራ በተገዛ የተጣለ ኮፋኖ ላይ ነው። ርካሽ ቀለም ተበጥብጦ። ጋኑ ከብረቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ያያል፣ አንጓ አይታጠፍም፣ ክንድ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሽ ይደርባል። ቃታው ጠርዙ ከመድረሱ በፊት ይሳባል፣ ጠርዙ ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። የሁሉም ጀማሪ ችግር መስመሩ መጨረሻ ላይ እጅን እንደ ማራገቢያ ማወዛወዝ ነው፤ ጫፉ ላይ ጋኑ ስለሚርቅ ቀለሙ ደርቆ ይደርሳል፣ መሐሉ ላይ ይከማቻል። ወንድሜም ይህንኑ አደረገ፣ መሐሉ ላይ ቀለም ወረደ፣ ጋሼ ምንም አልተናገሩም፣ እንዲፈገፍግና ድጋሚ እንዲረጭ ብቻ አሳዩት።

ከልምምዱ ሁሉ በጣም የወደድኩት የካርቶኑ ፈተና ነው። የጋኑ አፍንጫ ላይ ያለችው የአየር ካፕ በሩብ ዙር ትዞራለች፣ የሚረጨው ስፋት አግድም ይሆናል። ካርቶን ግድግዳ ላይ ይለጠፍና እጅ ሳይንቀሳቀስ ቀለሙ እስኪወርድ ድረስ ይረጫል። ከዚያ የሚወርዱትን መስመሮች ማየት ነው። ሁሉም እኩል ከወረዱ ጋኑ ተስተካክሏል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ከወረዱ ግፊቱ በዝቷል። መሐሉ ላይ ከበዙ ደግሞ ወይ ግፊቱ አንሷል ወይ ቀለሙ ወፍሯል፣ ቲነር ይጨመር። በደቂቃ የሚያልቅ ፈተና ነው፣ በየቀኑ መሠራት አለበት፣ ምክንያቱም ከጠዋቱ ብርድና ከቀትር ሙቀት ጋር የቀለሙም ውፍረት ይለዋወጣል።

ቀለሙ በኮድ ነው የተዋሃደው። ሞተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ የተለጠፈችው ትንሽ ሳህን ላይ 1ሲ0 የሚል አለ፣ የቶዮታ ብርማ ሜታሊክ ነው። ሱቁ በኮዱ መዝኖ ያዋህዳል። ኮዱ ግን መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ቀለም ነው የሚነግረን፣ ቪትዟ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የከፍታ አገር ፀሐይ ስትጠጣ ኖራለች። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ካርድ ተቀብቶ፣ ክሊር (ላዩ ላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) ተጨምሮበት፣ በጠራ ቀን በሩ ላይ ተይዞ ታየ። ከፊት ሲታይ ልክ ነው፣ ከጎን ሲታይ ትንሽ ይጨልማል። ሜታሊክ እንዲህ ነው፣ ከሁለት አቅጣጫ ካልታየ አልታየም ማለት ነው። ጋሼ ሱቁን አላስቸገሩም። ቤዙን፣ ከክሊሩ ሥር ያለውን ብርማ ቀለም፣ ወደ ኋለኛው በር እያሳሳን እናስገባዋለን፣ ዓይን ልዩነቱን አያገኘውም አሉ። ባለሙያ ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ አንድ በር ብቻ በቀጥታ መስመር ቆርጦ መቀባት ብርማ መኪና ላይ አይሠራም።

ለቀለሙ ቀን የተመረጠው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ አቧራው ይመጣል። ግቢው ውስጥ በሦስት ጎን ፕላስቲክ የተጋረደ ዳስ ተሠራ፣ አንዱ ጎን ለአየር ክፍት ሆኖ። መሬቱ በውሃ ተረጨ። መኪናዋ በቡናማ ወረቀትና በወረቀት ፕላስተር ተሸፈነች። ጋሼ ጋዜጣ አይወዱም፣ ቲነር ያሳልፋል፣ ብናኝም ይጥላል።

ሁሉም ነገር ዝግጁ ሆኖ ሳለ እናቴ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ለቡና ልትቀመጥ ነበር። ጋሼ ጋኑን መሬት አስቀመጡ። «እትዬ፣ ዛሬ ቡናው ይቅርብን፣ ወይ ጓሮ ይሁን» አሏት። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ እሳት እስኪያገኝ። ከሰሉ ወደ ጓሮ ሄደ፣ ኮምፕረሰሩም ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ራቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ማብሪያው ሲነሳና ሲጠፋ ብልጭ ስለሚል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ወንድሜ ፓራፋንጎውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ቤዙን ረጨው። በጣም ያምር ነበር፣ አንድም የወረደ የለም። በሩን ደግሞ መኪናዋ ላይ እንደቆመ ረጨ፣ እሱም አማረ። ሲደርቅ ፓራፋንጎውን አምጥተው ቦታው ላይ ሲያስጠጉት ሁለት መኪና ሆነ። ያው ጣሳ፣ ያው ጋን፣ ያው እጅ፣ ግን ፓራፋንጎው ሌላ ብርማ ነው። ምክንያቱ ሜታሊክ ውስጥ ያለው የአልሙኒየም ብናኝ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጠፍጣፋ ናት፣ ብርሃን የምትመልሰው እንደተኛችበት አቅጣጫ ነው። አግድም በተኛ ብረት ላይ የሚያርፉት ቅንጣቶችና በቆመ ብረት ላይ የሚያርፉት አንድ ዓይነት አይተኙም፤ ጋኑ የተያዘበት መንገድና ቀለሙ እርጥብ ሆኖ የቆየበት ጊዜም ይለያያል። ስለዚህ ፓራፋንጎው መኪናዋ ላይ በሚቆምበት አኳኋን ከእንጨት መስቀያ ላይ ተሰቀለ፣ በሩ ጎን፣ አንድ ላይ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ከአፍንጫው እስከ ኋለኛው በር መጀመሪያ ድረስ እንደገና ተረጨ። መጨረሻው ዙር ላይ ጋሼ ግፊቱን ዝቅ አደረጉ፣ ጋኑን ራቅ አስደረጉት፣ በስሱ ጉም ብቻ። ይህ ዙር ቅንጣቶቹን እኩል ይበትናቸዋል፣ ጠቆር ነጣ ያለው ጥላ ይጠፋል። ሲጠፋ ቆሜ አየሁት።

ቤዝ ሲደርቅ ድንግዝግዝ ያለ ነው፣ አያበራም። የሚያበራው ክሊሩ ነው፣ ዝናብና ፀሐይ የሚችለውም እሱ ነው። እዚህ ላይ ወንድሜና ጋሼ አልተስማሙም። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ግቢ ውስጥ መጨረስ ፈለገ፣ ጋኑ አለ፣ ማስክ አለ፣ ምን ይጎድላል? ጋሼ እምቢ አሉ።

ምክንያታቸውን በደንብ ላስረዳ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ። ጥሩ የሚባለው ክሊር ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ ሃርድነር ይቀላቀልበታል። ሃርድነሩ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ይዟል። ሲረጭ በደቃቁ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ነገር ከሥራ ጋር የተያያዘ አስም ከሚያስከትሉ ዋነኛ ኬሚካሎች አንዱ ነው፣ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ደግሞ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል፣ ያ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም። ወንድሜ የገዛው ማስክ ሁለት ጎን ካርትሪጅ (ተን ማጣሪያ) ያለው ነው፤ ለቲነርና ለቤዝ ጥሩ ነው። ለአይሶሳያኔት ግን አስተማማኝ አይደለም፣ ምክንያቱም ካርትሪጁ ሲያበቃ በጠረን አይታወቅም። ቲነር ሲያልፍ አፍንጫ ያውቃል፣ ይህ ግን አደገኛ በሚሆንበት መጠን ላይ አይሸትም። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ከሌላ ቦታ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ዳይአይሶሳያኔት ያለበትን ምርት በሙያ የሚጠቀም ሁሉ አስቀድሞ ሥልጠና እንዲወስድ አስገድዷል። እኛ ጋ ጣሳው ከሱቅ ይገዛል፣ ይቀላቀላል፣ አፍ በሻርፕ ታስሮ ይረጫል።

ጋሼ ስንት ዓመት በሻርፕ ሠርተዋል። ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ይቆማሉ። ይህን እንጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ጻፊው አሉኝ።

ግቢያችን ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በአጥሩ ማዶ ሕፃናት አሉ፣ ከላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣል። የራስን ሳንባ ለመድፈር ቢፈቅድ እንኳ የጎረቤትን ሳንባ ማን ፈቀደለት? ወንድሜ ሌላ አማራጭ አነሳ፣ ሃርድነር የሌለው ባለ አንድ ክፍል ክሊር። አለ፣ ይሠራል፣ ሲወለወልም ያበራል። ነገር ግን ቤንዚን ሲነካው ይደበዝዛል፣ ፀሐይም ቶሎ ይበላዋል። ለመለማመጃው ኮፋኖ በቂ ነበር፣ ለቪትዟ ግን ጋሼ አልወደዱትም።

የተደረሰበት ስምምነት ይህ ነው። ቤዙ እዚሁ ተረጭቷል። ፓራፋንጎው ታሰረ፣ መኪናዋ ሽፋኗን እንደለበሰች ቀስ ብላ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ጋራዥ ተነዳች፣ የቀለም ክፍልና የአየር ማስክ ያለው ነው። ቤዝ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ፣ ብዙዎቹ በአንድ ቀን ውስጥ፣ በክሊር መሸፈን አለበት፤ ስለዚህ ቀጠሮው ቀድሞ ተይዞ ነበር። እዚያ አቧራው በሚያጣብቅ ጨርቅ ተጠረገ፣ ክሊሩ ከፓራፋንጎው እስከ ኋለኛው በር መጨረሻ ድረስ ሁለት ዙር ተረጨ፣ ኋለኛው በር ቀድሞ በደቃቅ ወረቀት ተሻሽቶ ስለነበር። ወንድሜ በመስኮት እያየ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ታዲያ ምኑን ራሱ ቀባው ይላል። አልስማማም። በሰዓት ከተቆጠረ ከሥራው አብላጫውን የያዘው መፈግፈጉ፣ ፕራይመሩና ቤዙ ነው፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው። ጋራዡ የሠራው ግቢ ውስጥ ሊሠራ የማይገባውን ብቻ ነው። የሚከፈለውም ለዚያው ብቻ ስለሆነ ሙሉ ከማስቀባት ጋር አይወዳደርም። ራሱ መቀባት የሚፈልግ ሁሉ እንዲህ ቢከፋፍለው እመኛለሁ።

ክሊሩ ደንድኖ ከቆየ በኋላ የቀረው የእኛ ነበር። የገቡ አቧራዎች አሉ፣ ሁልጊዜ ይገባሉ። 1500 ከዚያ 2000 ከዚያ 3000 ቁጥር ወረቀት በሳሙና ውሃ፣ ቀጥሎ ማወልወያ ክሬም በማሽን። ጠርዝና የበሩ እጥፋት ላይ ማሽኑ አይቆምም፣ እዚያ ክሊሩ ስስ ነው፣ ሊበላ ይችላል። ወንድሜ ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ነው የወለወለው፣ ፕላስተሩን አንስቶ ያንን ቀጭን መስመር በእጁ ጨረሰው።

በፀሐይ ስትታይ ቀኝ ጎኗ ከግራው ትንሽ ያበራል፣ ያ የአዲስ ክሊር ነገር ነው፣ ግራውንም ሲወለውለው ተቀራረበ። በፓራፋንጎውና በኮፋኖው መካከል፣ በቅርብ ላየ ሰው፣ ከጎን ሲታይ ትንሽ ልዩነት አለ። ጋሼ እሱን ብቻ ነቀፉ፤ ኮፋኖው ጫፍ ላይም ቤዙን ትንሽ ማስገባት ነበረብን አሉ። ቀለሙ ግን ይዟል፣ ክረምቱን አልፏል፣ ባትላሜራው የነካው ቦታ ላይ አልተነሳም፣ የጠርዝ ምልክትም አልታየም።

አሁን ተራው የፊት ባምፐሩ ነው። እሱ ፕላስቲክ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን፣ ቀለም በቀጥታ አይይዘውም። መጀመሪያ ለፕላስቲክ የሚሆን ማያያዣ ይረጭበታል፣ ክሊሩም ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ ማለስለሻ ይፈልጋል። ወንድሜ ባምፐሩን አውርዶ ማጠብ ጀምሯል። ለክሊሩ ቀን ጋራዡ ጋ ቀጠሮ ይዟል።